በሐሞት በር

ዮካሞ የመጣው ደም ሊሰጥ ነበረ፣
ወንድሙ በባጃጅ ተገጭቶ ሪፈራል ስላደረ።
ከአሞራ ገደል ነው፣ ሳይታጠብ የከነፈ፣
የቆሮሶ ቅርፊት ክንዱ ላይ እንደተለጠፈ።

አንድ ጠብታ ወሰድሁ። ሰዓቴን አየሁ።
እሱ ስለ ማዕበሉ ሲያወራ እኔ ጠበቅሁ።
አንደኛው መስመር ወጣ።
ቆየና፣ በስሱ፣ እንደ ጥፍር ጭረት፣
ሁለተኛው መጣ።

«ደምህን አንወስድም» አልሁት። የበሽታውንም ስም ነገርሁት።
ዝም ብሎ ቆየ፤ ቅርፊቱን ከክንዱ አንድ በአንድ ላጠ።
«የወፍ በሽታ በይኛ!
የትኛዋ ናት ታዲያ? ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ዓሣ ስበልት
አባ ኮዳ ከእግሬ ሥር ነው፣ ራሰ መላጣ፣ ባለ ከረጢት፣
እንደ ዕድር ሽማግሌ ተኮልኩሎ አንጀት ሲጠብቅ የሚውል።
የትኛዋ ጥላዋን ጣለችብኝ?»

ወፍ አይደለችም። ክንፍ የለው፣ ዓይን የለው፣
የለበሰው ካፖርት እንኳ ከሰው የሰረቀው፤
የጉበት ስብ ነው ገበሩ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ፕሮቲን፣
አቧራ እንኳ ተራራ ነው ከሱ ሲተያይ ጎን ለጎን።
በምላጭ ይሁን፣ በመርፌ፣ ከእናት ስትወለድ ይሁን፣
ደም ላይ ተሳፍሮ መጣ፤ አላውቅም መሳፈሪያውን።

መጀመሪያ ሲደርስ ዝም ብሎ ይታከካል፤
የሕዋሱ ቆዳ ስኳር ያዘለ ጸጉር አለው፣
እንደ ሐይቁ ዳር ደንገል፤ እዚያ ይንጠለጠላል፣
ልል ነው ገና፤ ማዕበል ቢመታው ይወስደዋል።
ከዚያ ከካፖርቱ ጫፍ አንዲት ክር ትዘረጋለች፣
ጫፏ በስብ የታሸ፣ ዳበሳ የለመደች፣
ትዳብሳለች፣
ትዳብሳለች፣
በሩን ታገኛለች።

በሩ የሐሞት በር ነው።
ለክፉ አልተሠራም፤ ጉበት ያመነጨው ሐሞት
አንጀት ውስጥ ሥራውን ጨርሶ በደም ሲመለስ ወደ ቤት
ሌት ተቀን የሚያስገባው እሱ ነው። ስም አይጠይቅም፤
ዘበኛ አይደለም፤ በር ነው፤ ከማስገባት ሌላ አያውቅም።
ክሯ እዚያ ገባች። ልክክ።

«ሐሞት?» አለና ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።
«ማዕበል ሲነሳ ሰው ሁሉ መረቡን ጥሎ ሲሮጥ
እኔ ነኝ የምቀረው። ሐሞተ ኮስታራ ይሉኛል።
እና በሱ ነው የገባብኝ?»

ለዚህ የሚሆን መልስ የተማርሁበት ደብተር ውስጥ የለም።
«እንደ መንጠቆ በለው» አልሁት፣ ነገሩን ላቀልለት፤
ሙያው ነውና አረመኝ፣ እርጋታ ባለው አንደበት፦
«መንጠቆ ምን ያደርጋል? ተንጠልጥሎ ይጠብቃል።
የሚውጠው ዓሣው ነው።»

እውነቱን ነው። ሰብሮ አይገባም።
ሕዋሱ ራሱ ነው፣ ቆዳውን ወደ ውስጥ አጥፎ፣
በሩን ከነእንግዳው ስቦ የሚውጠው።

«ዱካሌ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች» አለኝ በመጨረሻ።
ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበር፣ ነገርሁት፦
ያ ሁለተኛው መስመር የያዘው ካፖርቱን ነው።
ለአንድ እውነተኛ ሺህ ባዶ ካፖርት ይዘራል፣
ሰውነት ባዶውን ሲያሳድድ ባለቤቱ ይሾልካል።
ግን ያንኑ ባዶ ካፖርት፣ ውስጡ ማንም የሌለበት፣
ሠርተን በብልቃጥ አኑረናል፤ ሕፃን በተወለደበት ዕለት
ጭኑ ላይ ይወጋል። ደሙ ልብሱን ያጠናል፣
ባለቤቱ ሲመጣ ከበር ሳይደርስ ይያዛል።
«የሌባ ልብስ» አለ። «የሌባ ልብስ» አልሁ።
ዱካሌን ይዟት እንዲመጣ ለነገ ቀጠርሁ።

ወንድሙ የሌላ ሰው ደም ተሰጠው።

እሑድ ዓሣ ልገዛ ወረድሁ፤ አየሁት፣ አላየኝም።
ቢላው ሆድ ከፈተ፤ ጉበቱን መዳፉ ላይ አኖረ፣
ትንሽ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሐሞቱ እንደ ጥሬ ፍሬ አረንጓዴ።
ብዙ አየው። ደንበኞቹ ጮኹበት።
ከዚያ ለአንዷ መላጣ ወረወረላት፤
«አንቺ አይደለሽም ለካ» አላት።
ዋጠችው።